ገጽ ሃያ ሰባት

ጥቅምት 3

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። መጽሐፉ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ደረሰኝ ሳልልሽ በመቆየቴ አትቀየሚኝ። እንዳልደውልልሽ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሊፍት ሞተር ጋር ኖሮ የሰው ድምፅ ረስቷል። ባለፈው ስትደውዪ «መጽሐፍ ላኩልህ» ያልሽው «መጥረጊያ ላኩልህ» ሆኖ ነው የተሰማኝ። እሽጉን እስክከፍተው ድረስ መጥረጊያ እንዴት በዚህ መጠን ይታጠፋል እያልኩ ስገረም ነበር።

ከመጽሐፉ ጋር ባስቀመጥሽው ካርድ ላይ የጠየቅሽኝን አየሁት። ምን ያደርግልኛል ብዬ እዋሻለሁ፤ አላነበብኩትም። እኔ የማነበው ሥዕል ያለው ነገር ነው፤ ሽቦው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በቀስት የሚያሳይ። ያንቺ መጽሐፍ መስመሩ ዳር ሳይደርስ ይቆማል። መጀመሪያ ማተሚያ ቤታችሁ ወረቀት ተርፎት መስሎኝ ነበር። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ስላለ ግን ደስ ብሎኛል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ግራሶ አልነካውም።

መጽሐፉን እዚያ እያለ ነው ጠበቃው ያየው። አምስተኛ ፎቅ ቢሮ ያለው፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ሊፍት የማይገባው ሰውዬ። የሁለተኛውን ፎቅ በር እየጠገንኩ ሳለ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ሽፋኑ ላይ ከስምሽ ቀጥሎ የእኔን ስም አየና ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ገጽ ሃያ ሰባት ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ከዚያ የሊፍቱ በር ተዘጋና ወደ ፎቁ ወጣ።

ገጽ ሃያ ሰባትን አነበብኩ። አንድ ጊዜ በጥድፊያ፣ ሦስት ጊዜ በዝግታ። በእጄ ብገለብጠው ይገባኝ እንደሆነ ብዬ እዚህ ልጻፈው፤

ሁላችን ደህና ነን ይላል ያ ደብዳቤ፤
ሁላችን ስንት ነው? ስል ቆጠርኩ በልቤ።
መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ያማረ፣
እጁ በልኬት ነው፣ ሁሌም እንደኖረ።
አራት ነጥቡ ብቻ ወረቀቱን በስቷል፤
ፀሐይ ላይ ብይዘው ቤታችን ይታያል።

ገለበጥኩት፤ አልገባኝም። ደብዳቤው የትኛው እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እናትሽ ልታርፍ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት የጻፍኩልሽ ነው። ሁላችን ደህና ነን ብዬሻለሁ፤ አልክድም። አሁን ግን ምን እያልሽኝ ነው? ስድብ ከሆነ በግልጽ ስደቢኝ፣ አባትሽ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ምስጋና ከሆነም የቱ ጋ እንዳለ አሳዪኝ። ደግሞም በነጥብ ቀዳዳ ቤት አይታይም። ወረቀት በመርፌ በስቼ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሞክሬዋለሁ። የታየኝ የጎረቤት ሕንጻ የውኃ ታንከር ግማሹ ነው።

ትርጉሙን በአጭሩ ጻፊልኝ።

አባትሽ

ጥቅምት 19

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ስለ ገጽ ሃያ ሰባት ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ተውኩት። አራተኛ ከምጀምር ብዬ መጽሐፉን ላኩት፤ እንደ ፈሪ ማለት ነው።

ትርጉሙን አልጽፍልህም። እንቢ ለማለት ያህል እንዳይመስልህ። እዚህ የምውለው የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ሳስገባ፣ የተደገመ ቃል ሳወጣ። በቀጥታ መናገር የምችለው ነገር ቢሆን ኖሮ በቀጥታ እናገረው ነበር። ያንን ብቻ በሌላ መንገድ መናገር አልቻልኩም። አሁን ፈትቼ ብልክልህ የተፈታ ሞተር የላኩልህ ያህል ነው፤ ዕቃው ሁሉ አለ፣ ግን አይዞርም።

እንዲህ አድርግ። ጮክ ብለህ አንብበው። ራስህን ካልሰማህ የሚሰማህ ሰው ፈልግና ለእሱ አንብብለት። አትፍጠን። ደግሞ እንደ ብልሽት አትፈልገው፤ የተበላሸ ነገር የለም።

በፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፍከውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። እንዳላየሁ ሆኜ ላልፈው ነበር። አዎ፣ እናቴ ግጥም እንደምጽፍ ታውቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ግጥሞች በስልክ አንብቤላታለሁ፤ አንተ ሥራ ላይ ስትሆን፣ ከሰዓት በኋላ። የወደደችውን «ድገሚልኝ» ትለኝ ነበር። ያልወደደችውን ዝም ትልና ስለ አየሩ ትጠይቀኛለች። ለአንተ ያልነገረችህ «ይስቅብሻል» ብላ ነው። አንተ ትስቅብኝ ነበር ወይ?

ልጅህ

ኅዳር 6

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

እስቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት፤ አዎ፣ እስቅ ነበር። ግን በዚያ ቤት ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ይካሄድ እንደነበር አለማወቄ አስደነገጠኝ። እኔ ያኔ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውል ይመስለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ «ድገሚልኝ» ስትል ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበራት አላውቅም።

እንዳልሽኝ ሰው ፈለግኩ። መጀመሪያ ጠበቃው ጋ ሄድኩ፣ የተማረ ነው ብዬ። መነጽሩን ሰካ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ይህ ሰምና ወርቅ ነው» አለኝ። ሰሙ ወረቀት ነው፤ ወርቁ ልብ ነው። ወረቀቱን በስቷል ማለት ልቧን ወግቷታል ማለት ነው። አራት ነጥብ ማለት ነገር አበቃ ማለት ነው። ፀሐይ ማለት ፍርድ ቤት ሳይሆን አይቀርም። «እንግዲህ ከስሳኛለቻ» ብለው «ተፈርዶብዎታል» አለኝ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላልሽ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ሞተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የጽዳት ሠራተኛዋ ገባች። ሳጥኔን ሰሞኑን እሷ ነች ወደ ጣሪያ የምታወጣልኝ፣ ወገቤን ትንሽ ይይዘኛል። ባልዲዋን ገልብጣ ቁጭ አለችና «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። አነበብኩላት። ሞተሩ ቆሞ ስለነበር ድምፄን ሰማሁት፤ ለፖሊስ ቃል የምሰጥ ነው የሚመስለው።

«ገባሽ?» አልኳት።

«ምን የማይገባ አለው? ልጅቷ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ያዘችው። ተበስቷል። አየችው። በቃ።»

«ቤቱስ? በነጥብ ቀዳዳ ቤት ይታያል?»

«ናፍቋት ነዋ።»

«ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ ግጥም ምን አስፈለገው?» ብላት፣

«ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ አንተ ለምን አልገባህም?» ብላኝ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

ይኸው እንግዲህ፣ አንዱ ፈረደብኝ፣ አንዷ ናፍቆት ነው አለችኝ፤ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ጠበቃው የቆጡን አወርድ ሲል የብብቱን ጥሎ እንደሆነ፣ እሷ ደግሞ የቆጡን ሳታይ ቀርታ እንደሆነ በምን ላውቅ?

ሌላ ወሬ የለም። አዲስ ሰው ተቀጥሮ ሥራ እያሳየሁት ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ጥሩ ሠራተኛ። ትንሽ ዕረፍት ልወስድ አስቤ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ተቀይመሽኛል ወይ? አዎ ወይም የለም በዪኝ። ሊፍት እንኳ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።

አባትሽ

ኅዳር 24

አባዬ፣

አዎ።

ጠየቅከኝ፣ መለስኩልህ። ግን ሊፍት በሁለት ፎቅ መሀልም ይቆማል፤ አንተን የሚጠሩህ ያኔ አይደለም እንዴ?

ያ ደብዳቤህ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ወሩ ነበር። የማርምበትን ጠረጴዛ ነግሬህ አላውቅም። ላዩ መስታወት ነው፣ ከሥሩ አምፖል አለው። የሚታረመውን ወረቀት እዚያ ላይ ዘርግተን የፊትና የጀርባው መስመር እኩል መዋሉን እናያለን። ደብዳቤህን ከፍቼ ሳላስበው እዚያው ላይ ዘረጋሁት። «ሁላችን ደህና ነን» ይላል። ከ«ነን» በኋላ ያሉት አራት ነጥቦች ግን አበሩ። አራት ትንንሽ ቀዳዳ። የሌላው ሁሉ ነጥብ ነጥብ ነው፤ የዚያ ብቻ ተበስቷል። ፀሐይ ያልኩት ለግጥሙ ብዬ ነው፤ አምፖል ነበር።

እኔ እርማት ሠራተኛ ነኝ አባዬ። ስሕተት ማየት እንጀራዬ ነው። አየሁት፣ «እንግዳ ነገር ነው» አልኩ፣ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ደብዳቤው ከደረሰኝ በአራተኛው ቀን ፎቅ ቤት የሚኖሩት ጎረቤታችን ደወሉልኝ። ስደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። አንተ በር ላይ ቆመህ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አልከኝ።

ስለዚህ ማንን እንደተቀየምኩ እኔም አላውቅም። አንተ አልነገርከኝም። እኔ ደግሞ ተነግሮኝ አላነበብኩም። ግጥሙ ውስጥ ማን ማንን እንደሚከስም አልለየሁም፤ ለጠበቃውም እንዲሁ በላቸው።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። የት ሆነህ ነው የጻፍከው? ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ጠንካራ ነው፣ ወረቀት አይበሳም።

ደግሞ፣ ዕረፍት ወስደህ አታውቅም። ሰውዬውን ለምንድን ነው የምታሠለጥነው?

ልጅህ

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለሽ?

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው የጻፍኩት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ መሣሪያ ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ። ከሥራ በቀጥታ ነበር የሄድኩት። ወረቀቱን ከነርሶቹ ለመንኩ።

ጠረጴዛ አለመሆኑን ከነጥብ ማወቅሽ ገርሞኛል። የሳጥኑ ክዳን ላይ ላስቲክ ተለጥፎበታል፣ ብሎን እንዳይንከባለል ብዬ ራሴ የለጠፍኩት። ላስቲክ ላይ ስትጽፊ ብዕር ይገባል። እና እውነቱን ልንገርሽ፤ ነጥቡን ስጨርስ ነርሷ በሩን ከፍታ «የታማሚዋ ባለቤት» ብላ ጠራችኝ። ደንግጬ ተጭኜው ይሆናል። ወይም ላስቲኩ ነው። ከሐዘን ይሁን ከላስቲክ እኔ ራሴ አላውቅም። አንቺ መብራት ላይ አድርገሽ ያየሽው እኔ ካወቅኩት በላይ ነው። ይኼ ነው ግጥሙ ላይ ግራ ያጋባኝ፤ ስለ እኔ ነው፣ ግን እኔ አላውቀውም።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ስገባ እናትሽ ነቅታ ነበር። «ለማን ጻፍክ?» አለችኝ። «ለልጅቷ» አልኳት። «ምን አልካት?» «ደህና ነን አልኳት።» «ጥራት» አለችኝ። ጥራት።

እናትሽ ናት አትንገራት ያለችኝ ብልሽ ይቀለኝ ነበር። ዘመዶቻችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቁት፤ እኔም አላረምኳቸውም። እሷ ግን ጥራት ነው ያለችው። እኔ ነኝ ያልጠራሁሽ። አዲስ ሥራ ነው፣ ፈቃድ አይሰጧትም፣ መንገዱ ሩቅ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ነበር። ዋናው እሱ አይደለም። አንቺ ከመጣሽ የምትሞት መሰለኝ። ካልመጣሽ ግን ታማሚ ብቻ ናት። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ነበር የያዝኩት። ደብዳቤውን ወጥቼ ፖስታ ቤት ከተትኩት፣ ተመልሼ «ጠራኋት» አልኳት። ዘጠኝ ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

ይኸው ነው። ትርጉም የለውም፤ እንዳለ ነው የጻፍኩልሽ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 30

አባዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ ይቅርታ።

ዝም ያልኩት ጠልቼህ እንዳይመስልህ፤ ይቅር ብዬህም እንዳይመስልህ። ሥራ ላይ ስሕተት ማለፍ ጀምሬአለሁ፤ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። «ቀና ትል ነበር» የሚለው ቃል እያነበብኩት ያለሁት መስመር መሀል ይገባብኛል።

አሁን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ግን የጠየቅኩህን አንዱን ጥያቄ ዘለኸዋል። ሰውዬውን ለምን እንደምታሠለጥነው።

ልጅህ

ጥር 12

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ነሽ? ዝም ማለትሽ ተገቢ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ፣ አንቺ ሦስት ሳምንት ምን አለበት?

መልስሽን ስጠብቅ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ በየቀኑ አንድ ታስነብበኛለች። አንዳንዱ ላይ «ይሄ አይረባም» ትላለች፤ የትኞቹን እንደሆነ አልነግርሽም። አብዛኛው አልገባኝም። ስለ ነፋስ የጻፍሽው አምስት ገጽ ነፋስ እንደሆነ ብቻ ነው የገባኝ።

ገጽ አርባ ላይ ግን አንድ ነገር ደረሰብኝ።

ጫማሽ በር አጠገብ አፉን ከፍቶ አለ፤
እግር መጣ ብሎ ማን እንዳታለለ።

ይሄን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ምንም አልመሰለኝም፤ ገጹን ገልጬ አለፍኩ። ማታ ቤት ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ የእናትሽ ቡኒ ጫማ እዚያው በር አጠገብ አለ። ሦስት ዓመት እዚያው ነው፤ አንሥቼው አላውቅም። በየቀኑ አልፈዋለሁ፣ መጥረጊያውን ዙሪያውን አዞራለሁ። አፉ ክፍት መሆኑን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አንቺ ለቀብሩ መጥተሽ አራት ቀን ነው የቆየሽው፤ በአራት ቀን አይተሽዋል። ኮቴ ግማሹ ወልቆ ግማሹ እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አላለቀስኩም። ብቻ ማለፍ አቃተኝ።

ይሄ ነው ግጥም የሚባለው? ከሆነ ለምን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል? ቤቴ ደህና ነበር፤ አሁን በበሩ መግባት ቸግሮኛል። ይሄን እያልኩም ግን በማግስቱ ገጽ አርባን ደግሜ አነበብኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። በአራቱም ላይ ጤናዬ ደህና ነው ብዬሻለሁ። አምስተኛው ይሄ ነው።

ሆድና ግንባር አይሸሸግም ይላሉ። እኔ ግን ከነሐሴ ጀምሮ ሸሽጌዋለሁ። ትልቁ አንጀቴ ላይ እባጭ ተገኝቷል። ጥር 27፣ ሰኞ ጠዋት ይከፍቱኛል። ክፉ ይሁን ደግ የሚታወቀው ካወጡት በኋላ ነው ብለዋል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ታወራለች፣ አፏን እያየሁ እሰማታለሁ። ወገቤን ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰውዬውን የማሠለጥነው ምናልባት ሊፍቱ ያለ እኔ መሥራት ሊኖርበት ስለሚችል ነው። እሱ ጎበዝ ነው፤ ፍሬኑን ከእኔ በተሻለ ያስተካክላል፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

የሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ የወንዶች ክፍል፣ መስኮት አጠገብ ያለው አልጋ። እሑድ ነው የምገባው።

ማንም ጥራት አላለኝም። ነይ። ፈርቻለሁ።

አባትሽ

ጥር 17

አባዬ፣

ፈቃድ ሰጡኝ። ዐርብ ጥር 24 ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ እገባለሁ። አትቀበለኝ፤ ሻንጣዬን ልትይዝልኝ እንደምትሞክር አውቃለሁ። ቁልፍ አለኝ።

ከነሐሴ ጀምሮ። ስለዚህ ስመጣ እጣላሃለሁ፤ ተዘጋጅ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ሁሉ በወረቀት ጽፈህ ጠብቀኝ።

ስለ ነፋስ የጻፍኩት እኔም አሁን አልወደውም።

ልጅህ

የካቲት 21

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ገባሽ? አውቶቡሱ አላስቸገረሽም ወይ? አለቃሽ ስለ ተጨመሩት ቀናት ምን አሉሽ? እኔ እየተሻለኝ ነው፤ ይህን ስልሽ ቁስሉ በስተግራ በኩል አሁንም ትንሽ እንደሚያዥ፣ ማታ ማታም እንደሚያሳክከኝ ጭምር እየነገርኩሽ ነው።

ውጤቱ ትናንት መጣ። ሐኪሟ ሁሉም ወጥቷል አለችኝ። ክፉ ነበር ወይ ብላት «ክፉ ለመሆን እያሰበ ነበር» አለችኝ። በየሦስት ወሩ ያዩኛል። የሐኪሟንም ነገር ግጥም ይሁን ሕክምና መለየት አቃተኝ፤ ብቻ የወረቀቱን ግልባጭ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፣ አንቺው እዪው።

ከሄድሽ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ያን ቀን ስንጣላ የሰበርሽውን ሳህን እኔ እንደሰበርኩት ለጎረቤታችን ነግሬአለሁ። የእናትሽን ጫማ ይዘሽው መሄድሽን ያወቅኩት ጠዋት ነው። አልተናገርሽም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም። የነበረበት ቦታ ወለሉ ቀለሙ ይለያል።

ስትሄጂ ይቅር ብዬሃለሁ አላልሽኝም። እኔም ይቅር በዪኝ ብዬ አልለመንኩሽም፤ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ግን መጎንበስ በማልችልበት ስድስት ቀን ሙሉ ካልሲዬን ያጠለቅሽልኝ አንቺ ነሽ፣ አንድም ቀን ቀና ብለሽ ሳታዪኝ። ይሄን እንዴት እንደማነበው ግራ ገብቶኛል። ጮክ ብዬም ሞክሬዋለሁ።

አጠገቤ ተኝቶ የነበረውን የአውቶቡስ ሹፌር ታስታውሽዋለሽ፣ እግሩ የታሰረውን። ከኦፕሬሽኑ በፊት ባለው ከሰዓት መጽሐፉን አውጥተሽ ስታነብቢልኝ ምን እንዳነበብሽ አልሰማሁም ነበር። ለመስማት የምሰካውን የጆሮ ማዳመጫ ለምርመራ አውልቀውብኝ ነበር። ነገር ግን አላቋረጥኩሽም። አፍሽን አይ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆም አልሽ፣ ከንፈርሽን ነከስሽ፣ ቀጠልሽ። ያ ገጽ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሹፌሩ ግን ሰምቷል። አንቺ ወጥተሽ ስትሄጂ፣ ማዳመጫዬን ስሰካ፣

«ልጅዎ ሰደበችዎት ወይስ አመሰገነችዎት?» አለኝ።

«ወደ አራት ወር ስጠይቅ ነበር» አልኩት።

«ምን አሉዎት?»

«አንዱ ተፈርዶብዎታል አለኝ፣ አንዷ ናፍቃለች አለችኝ። እሷ ራሷ አላውቅም አለችኝ።»

አሰበበት። «እኔ አርባ ዓመት ነድቻለሁ» አለ። «ሰው ከኋላ ተቀምጦ ምን እያሰበ እንደሚሄድ አንድ ቀን አውቄ አላውቅም። ያም ሆኖ አድርሼዋለሁ።» ይሄ ከነገሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። መጽሐፉን አንዴ ላየው ብሎ ተቀበለኝ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ልወስደው ስል ደረቱ ላይ አድርጎት ተኝቷል። ገጽ ሃያ ሰባት ዳር ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን፣ የውኃ ታንከሩንና የጠበቃውን ነገር፣ ሁሉንም አንብቦታል። አፈርኩ። እሱ ግን ከግጥሙ ይልቅ እሱን ወደድኩት አለኝ፤ ይሄን ለአንቺ መንገር ነበረብኝ ወይ አላውቅም።

ስወጣ መልስልኝ አልኩት። «ያስታመመችኝ ልጅ የለችኝም፣ ይሄን ልያዘው» አለኝ። ምን ልበለው? ተውኩለት።

ስለዚህ ሌላ ቅጂ ላኪልኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ልትጠይቀኝ መጥታ ገና ዘጠኝ ገጽ ይቀረናል ብላ ተቆጣችኝ። ቶሎ ላኪው፤ ሐኪሟ ለሦስት ሳምንት ደረጃ እንዳልወጣ ከልክላኛለች፣ እኔም ሌላ የማነበው ነገር የለኝም።

አባትሽ